በብርዱ ወራት የሚወራው ሁሉ እኩል አይመዘንም

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2023፣ አርብ ዕለት፣ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ካለው የኦሬንጅ ካውንቲ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት የግል ጄት ወደ ቶሮንቶ ተነሣች። በካናዳም በአሜሪካም ብዙ ሺህ ሰው ሥራውን አቁሞ የበረራ መከታተያ ካርታ ላይ አፈጠጠ። ጄቷ ውስጥ አለ የተባለው ሾሄይ ኦታኒ ነው። ኦታኒ በአንድ ጊዜ ምርጥ ወርዋሪም ምርጥ መቺም መሆን የቻለ ጃፓናዊ የቤዝቦል ተጫዋች ሲሆን፣ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር የነበረውን ውል ጨርሶ ቀጣይ ቡድኑን እየመረጠ ነበር። የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የቤዝቦሉ ከፍተኛ ሊግ፣ የራሱ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ኦታኒ ወደ ቶሮንቶ እየተጓዘ መሆኑን ተናገረ። ሌላው ጋዜጠኛ ይባስ ብሎ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስን መርጧል ሲል ጻፈ። ጄቷ ስታርፍ የወረደው ግን ሮበርት ኸርጃቬች የተባለ፣ በቴሌቪዥን የሚታወቅ ካናዳዊ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ኦታኒ ራሱ በኢንስታግራም ገጹ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ መሄዱን አሳወቀ። ውሉ የ10 ዓመትና የ700 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። የቴሌቪዥኑ ዘጋቢ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ።

ነገሩ ግን በይቅርታ አላበቃም። በ2024 ኤፕሪል መጨረሻ ኦታኒ የዶጀርስን መለያ ለብሶ ቶሮንቶ ሲገባ ስታዲየሙ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበለው፤ እሱም ገና በመጀመሪያው ዙር ሆም ረን፣ ኳሷን ከአጥሩ ውጪ የሚያወጣውን ምት፣ መታ። በ2025 ኦክቶበር ሁለቱ ክለቦች ለዋንጫ ተገናኙ። ቶሮንቶ የመጀመሪያውን ጨዋታ 11 ለ 4 እያሸነፈ ሳለ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ ኦታኒን «አታስፈልገንም» እያለ ይዘምር ነበር። ሁለት ዓመት ያልሻረ ቂም ነው። ኦታኒ ግን ለቶሮንቶ ሕዝብ ምንም ቃል አልገባም ነበር፤ ቃል የገባላቸው ወሬው ነው። ዋንጫውም በሰባተኛው ጨዋታ ወደ ዶጀርስ ሄደ።

እንዲህ ያለው ነገር መልኩን እየቀየረ በየዓመቱ ይደጋገማል። የቤዝቦሉ ውድድር በኖቬምበር መጀመሪያ ይዘጋል፣ ተጫዋቾች ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳና አሪዞና የሚሰበሰቡት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። በመካከሉ ያሉት የብርድ ወራት ጨዋታ የሌለባቸው የወሬ ወራት ናቸው። ማን ወዴት ይሄዳል? ማን በማን ይለወጣል? ስንት ሚሊዮን ይከፈለዋል? ይህን ወሬ የጨዋታው ሁለተኛ ሕይወት አድርገው የሚያዩት አሉ። የሰው ኑሮ ላይ የሚደረግ ቁማር ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም ወሬውን እንደ አንድ ነገር ቆጥረው መከራከራቸው ነው።

የእኛ አንባቢ የአውሮፓ እግር ኳስን የዝውውር ወሬ አሳምሮ ስለሚያውቅ ልዩነቱን ከዚያ መጀመር ይቀላል። በእግር ኳስ ክለብ ለክለብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም ከአዲሱ ክለብ ጋር በግሉ ካልተስማማ ዝውውሩ አይፈጸምም። ቤዝቦል ውስጥ ሁለት የተለያዩ በሮች አሉ። አንደኛው የነጻ ተጫዋች በር ነው። በሜጀር ሊግ ስድስት ዓመት ያገለገለና ውሉ ያለቀ ተጫዋች ከ30ዎቹ ክለቦች ከፈለገው ጋር ይደራደራል። ሁለተኛው የልውውጥ በር ነው። ክለቡ በውል የያዘውን ተጫዋች ለሌላ ክለብ ይሰጥና በምትኩ ሌሎች ተጫዋቾችን ይወስዳል፤ የሚሰጠው ሰው ፈቃዱን አይጠየቅም። ያለፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚከለክል አንቀጽ በውሉ ያስገባ፣ ወይም በሊጉ 10 ዓመት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን 5 በአንድ ክለብ ያሳለፈ ካልሆነ በቀር። ከእነዚህ ጥቂቶች ውጪ ያለው ተጫዋች ዛሬ ፒትስበርግ ቢያድር ነገ ሳን ፍራንሲስኮ መሆኑን በስልክ ሊሰማ ይችላል።

ወሬውን ከሚወዱት ልጀምር። በስድስት ወር ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ይጫወታል። ደጋፊው ከሞላ ጎደል በየምሽቱ ቡድኑን ሲያይ፣ ሲሰማ፣ ሲጨቃጨቅበት ከርሞ ድንገት ዝም ሲል ይጨንቀዋል። በብርዱ ወራት የሚነሣው ወሬ ይህን ክፍተት የሚሞላ የቆየ ልማድ ነው፤ በገጠር ሱቅ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ ስለሚመጣው ዓመት ቡድን መከራከር ከሬዲዮም በፊት ነበር። ቦስተን ሬድ ሶክስ ኮከቡን ቤብ ሩትን ለኒው ዮርክ ያንኪስ የሸጠው በ1919 ዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ሕዝቡ የሰማው በ1920 ጃንዋሪ 5 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ቦስተን ውስጥ ስሙ ሲነሣ ወሬው ይሞቃል። ከቤዝቦል ላይ ይህን ወሬ ብትነጥቀው የሚቀርህ ግማሹ ነው።

በዚህ ላይ ደጋፊው በወሬው ይማራል። በ2025 የአንድ ክለብ የደመወዝ ወጪ ከ241 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ ቅጣት የሚመስል ግብር ይጣልበት እንደነበር፣ የጀማሪ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝም 760,000 ዶላር እንደነበር፣ አንድ ክለብ ኮከቡን ለምን ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው መለወጥ እንደሚመርጥ፣ ይህን ሁሉ ብዙው ደጋፊ ያወቀው ማን ለማን ይሰጥ እያለ ሲከራከር ነው። ገና በታችኛው ሊግ ያሉ የ19 ዓመት ልጆችን ስም የሚያውቀውም ስማቸው በልውውጥ ወሬ ውስጥ ስለሚነሣ ነው። በሌላ የሕይወት መስክ የሂሳብ መዝገብ ለማየት ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ውልን አንቀጽ በአንቀጽ ሲተነትን ይውላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው የወሬ ወዳጆች ክርክር ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነው፤ ዝምታ ማንን ይጠቅም ነበር የሚለው። ለዚህ መልስ ከርት ፍላድን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፍላድ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 የውድድር ዘመን የተጫወተ፣ በ1964 እና በ1967 ዋንጫ ያነሣ፣ በመካከለኛው የሜዳ ጥበቃ በዘመኑ ከምርጦቹ የሚቆጠር ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1969 ኦክቶበር ክለቡ ለፊላዴልፊያ ፊሊስ ለወጠው። በዚያን ጊዜ የነጻ ተጫዋች በር የሚባል አልነበረም፤ በውሉ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ተጫዋቹን ለዕድሜ ልኩ የክለቡ ንብረት ያደርገው ነበር። ፍላድ በዲሴምበር 24 ቀን 1969 ለሊጉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ። ከ12 ዓመት በኋላ ያለፍላጎቱ የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ አድርጎ ራሱን እንደማያይ አስታወቀ፣ ክስም መሠረተ። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 ፈረደበት። በዚህ መሐል የ1970ን ውድድር ሙሉ በሙሉ አልተጫወተም፤ በ1971 ዋሽንግተን ሴኔተርስ ገብቶ ከ13 ጨዋታ በኋላ ኳስን ተወ። የእሱን ድካም ፍሬ የበሉት ሌሎች ናቸው። በዲሴምበር 23 ቀን 1975 የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ ለሁለት ወርዋሪዎች፣ ለአንዲ መሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ሲፈርድ ያ አንቀጽ ተሰበረ። ባለቤቶቹ ወዲያው ዳኛውን አሰናበቱ፤ ፍርዱን ግን መሻር አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ ነው የብርዱ ወራት እንዲህ የጮኸው። ጩኸቱ የጠፋባቸው ዓመታትም ነበሩ፣ እነሱን ማየት ያስተምራል። ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ተከታታይ ዓመታት ነጻ የወጡ ተጫዋቾች ገበያ ላይ ቆመው የሚጠራቸው አጡ፤ ከቀድሞ ክለባቸው በቀር ከሌላ ጥሪ የሚመጣላቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንድሬ ዶውሰን ከሞንትሪያል ወጥቶ የሚወስደው ሲያጣ በ1987 የሺካጎ ከብስ የልምምድ ሰፈር ድረስ ሄደ፤ ዋጋው ባዶ የተተወ ውል አቅርቦ የወደዳችሁትን ጻፉበት አለ። ክለቡ 500,000 ዶላር ጻፈበት። ዶውሰን በዚያው ዓመት 49 ሆም ረን መታ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ላለመወዳደር መስማማታቸው በግልግል ችሎት ተረጋገጠ፣ በ1990ም 280 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማሙ። እንግዲህ ገበያው ጭር ያለበት ዘመን ሰላም የሰፈነበት ዘመን አልነበረም። ተጫዋቾች የሚዘረፉበት ዘመን ነበር። ስንት ክለብ ማንን እንደሚፈልግ፣ ስንት እንዳቀረበ ሕዝብ ሲያወራው ባለቤቶች በጓዳ ለመመካከር ይቸግራቸዋል። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚጥል ሰው አላየሁም።

ይሁን እንጂ ሌላው ወገን የሚያነሣውም ይከብዳል። የዛሬው ወሬ ብዙው ከደጋፊ አይነሣም፣ ጥቅም ያለው ሰው ይዘራዋል። የተጫዋች ወኪል ሥራው ዋጋ ማስወደድ ነው፤ ስሙ ያልተጠቀሰ ክለብ ጥሩ ገንዘብ ይዞ መጥቷል የሚለው ወሬ ለሥራው ይመቸዋል። ክለብም ኮከቡን ሊያጣ ሲል ያቀረበውን ገንዘብ አሾልኮ እኛ ሞክረናል፣ እሱ ነው እምቢ ያለው ለማለት ይጠቀምበታል። ጋዜጠኛው ደግሞ በደቂቃ መቀደም እንደ ሽንፈት ስለሚቆጠርበት ይጣደፋል። በዲሴምበር 2022 ሳን ዲዬጎ ላይ የክለቦች ዓመታዊ ስብሰባ ሲካሄድ አንድ ስመ ጥር ጋዜጠኛ የያንኪሱ ኮከብ አሮን ጀጅ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ሊሄድ ነው ብሎ ጻፈ። ከመጣደፉ የተነሣ የሰውየውን ስም እንኳ አሳስቶታል። ጽሑፉን በደቂቃዎች ውስጥ ቢያነሣም ሳን ፍራንሲስኮ በደስታ ፈንድታ ነበር፤ ጀጅ ግን በ360 ሚሊዮን ዶላር ለዘጠኝ ዓመት ከያንኪስ ጋር ፈረመ።

ይሁንና ለጋዜጠኞቹም ፍትሐዊ ፍርድ ይገባቸዋል። በዚያው ወር ካርሎስ ኮሬያ የተባለ ነጻ ተጫዋች ከጃይንትስ ጋር ለ13 ዓመት በ350 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በሕክምና ምርመራ ምክንያት ቀረ። ወዲያው ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ12 ዓመት በ315 ሚሊዮን ተስማማ፤ ያም በምርመራው ምክንያት ቀረ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 2023 ወደ ሚኔሶታ ትዊንስ ተመልሶ ለስድስት ዓመት በ200 ሚሊዮን ፈረመ። የተዘገበው ሁሉ በተዘገበበት ሰዓት እውነት ነበር። ደጋፊው ግን ሁለት ጊዜ ተታለልኩ አለ። ከዚህ የምረዳው፣ ወሬ ሐሰት በሆነ ቁጥር ውሸታም መፈለግ ተገቢ እንዳልሆነ ነው። አንዳንዴ ጉዳዩ ራሱ ገና አልቆረጠም፤ ስህተቱ ያልተቆረጠን ነገር እንደ ተቆረጠ መስማት ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ኦታኒ፣ ጀጅና ኮሬያ ናቸው፤ ሦስቱም በነጻ ተጫዋች በር የወጡ፣ የመምረጥ ሥልጣን በእጃቸው ያለ ሰዎች። ወሬው ቢረብሻቸውም ፊርማው የእነሱ ነው። ወደ ሌላው በር ስንዞር ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ጁላይ 29 ቀን 2015፣ ኒው ዮርክ። ዊልመር ፍሎረስ የሚባል ወጣት ቬንዙዌላዊ ለሜትስ እየተጫወተ ነው። ክለቡ ያስፈረመው ገና በ16 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ሌላ አሠሪ አያውቅም። ጨዋታው እየተካሄደ ፍሎረስና ወርዋሪው ዛክ ዊለር በካርሎስ ጎሜዝ ተለውጠው ወደ ሚልዋኪ ብሪወርስ ሊሄዱ ነው የሚል ዜና በየስልኩ ላይ ወጣ። ፍሎረስ ሜዳ ላይ ነው፣ ስልክ የለውም። አሰልጣኙ ቴሪ ኮሊንስም አልሰማም። የሰሙት በመቀመጫቸው ያሉት ደጋፊዎች ናቸው። ሊመታ ሲወጣ ተነሥተው አጨበጨቡለት፤ በፍቅር ሊሰናበቱት ነው። እሱም ምን እንደተፈጠረ የተረዳው ከእነሱ ነው። ወደ መከላከያ ቦታው ተመልሶ በመለያው እጅጌ እንባውን ሲጠርግ ካሜራው ያዘው፣ አገር ሁሉ አየው። ከዚያ ልውውጡ ከጎሜዝ ዳሌ ጤና ጋር በተያያዘ ጥርጣሬ ቀረ። ፍሎረስ የትም አልሄደም። ከሁለት ቀን በኋላ በ12ኛው ዙር ቡድኑን ለድል ያበቃ ሆም ረን መታ፣ በደረቱ ላይ ያለውን የክለቡን ስም ይዞ እየጎተተ ወደ ቤዙ ገባ።

ሰው ይህን ታሪክ በመጨረሻው ድል ምክንያት በደስታ ያስታውሰዋል። እኔ የምመለከተው የጁላይ 29ኙን ምሽት ነው። በዚያ ስታዲየም ክፉ ሰው አልነበረም። ጋዜጠኛው ያገኘውን ዘገበ፣ ደጋፊው በፍቅር አጨበጨበ፣ አሰልጣኙ አያውቅም። አንድ ሰው ግን የወጣትነቱ ቤት መፍረሱን በሺዎች ፊት፣ ሥራው ላይ ቆሞ ሰማ። ያውም ሳይፈርስ። ክፋት ሳይኖር ሰው የሚጎዳበት ሥርዓት ከሆነ ማስተካከል ያለብን ሥርዓቱን ነው።

የወሬ ወዳጆች እዚህም መልስ አላቸው፤ ያለአድልዎ እንየው ካልን ልናዳምጠው ይገባል። ፍላድ በ1969 ሲለወጥ ያስጠነቀቀው ወሬ አልነበረም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የተነገረው። ወሬው ቀድሞ ቢደርሰው ይዘጋጅ፣ ቤተሰቡን ያማክር፣ ጠበቃ ይይዝ ነበር ይላሉ። እውነት አለው። ስሙ በልውውጥ ወሬ እንደሚነሣ የሚያውቅ ተጫዋች ቢያንስ ቤት አይገዛም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ያስብበታል። መለወጥ የሚፈልግና ወሬውን ራሱ የሚያስነሣ ተጫዋችም ሞልቷል። ይሁንና ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ወሬው እውነት ሲሆን ነው። ስሙ አሥር ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ የሚለወጥ ሰው ዘጠኙን ጊዜ የተጨነቀው በከንቱ ነው።

አንድሩ መከቺንን እንውሰድ። በ2005 በፒትስበርግ ፓይረትስ ተመርጦ፣ በ2009 ሜጀር ሊግ ገብቶ፣ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሆነ፣ ለ20 ዓመታት አሸናፊ የውድድር ዘመን ያላየች ከተማን ቀና ያደረገ ሰው ነው። በ2016 ዲሴምበር ስሙ በልውውጥ ወሬ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ሲነሣ ሰነበተ፤ ሳይሆን ቀረ። የ2017ን ዓመት ሙሉ ዛሬ ይሄዳል ነገ ይሄዳል እየተባለ ተጫወተ። በ2018 ጃንዋሪ አጋማሽ ለጃይንትስ ተሰጠ፤ ወርዋሪው ጌሪት ኮልም በዚያው ሳምንት ለሂዩስተን ተሰጥቶ ነበር። የከተማው ደጋፊ ክለቡ ለሌላ ባለቤት ይሸጥ ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። እዚህ ላይ የወሬው ጣዕም እንደየከተማው እንደሚለያይ ይታያል። ለኒው ዮርክና ለሎስ አንጀለስ ደጋፊ የብርዱ ወራት ወሬ የሚመጡ ሰዎች ዝርዝር ነው። ለፒትስበርግ ደጋፊ የሚወሰዱበት ሰዎች ዝርዝር ነው። ወሬው የጨዋታው ውበት ነው የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከየትኞቹ ከተሞች እንደሚሰማ ልብ ማለት ይገባል። መከቺን በ2023 በነጻ ተጫዋች በር፣ በፈቃዱ ወደ ፒትስበርግ ተመለሰ።

ሁለቱን በሮች በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ለሚፈልግ ሁዋን ሶቶ አለ። ታሪኩም የሚጀምረው በአሜሪካ ካሉት የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች ትልቁ በሆነው በዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ ለብዙ አንባቢዎቻችን ቅርብ ነው። ሶቶ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው። ገና 21 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ በ2019፣ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ዋንጫ አነሣ። በ2022 ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ እሱ አልተቀበለም። ቁጥሩ በጁላይ ለጋዜጠኞች ሾለከ፤ በአንድ ጊዜ የከተማው ልጅ ተብሎ ይወደድ የነበረው ሰው ስግብግብ መባል ጀመረ። ሶቶ መሾለኩ እንዳስከፋው ተናገረ። በኦገስት 2 ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ተሰጠ። በምትኩ የመጡት ወጣቶች፣ እነ ሲ ጄይ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ፣ እነሱም ወደ ዋሽንግተን እንሂድ ብለው አልጠየቁም። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለከዋክብት ጨዋታ ተመርጠዋል። ልውውጥ ለሁለቱም ክለቦች መልካም ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። በዲሴምበር 2023 ፓድሬስ ሶቶን ደግሞ ለያንኪስ አሳልፎ ሰጠው። በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌሎች ወሰኑለት።

በ2024 ኖቬምበር ሶቶ በሌላኛው በር ወጣ። የክለብ ባለቤቶች ተራ በተራ እየመጡ ራሳቸውን አስተዋወቁት፣ እሱም ከወኪሉ ከስኮት ቦራስ ጋር ተቀምጦ አዳመጣቸው። ለአንድ ወር ያህል በየከተማው ይህ ሰው ወዴት ይሄዳል ተባለ። በዲሴምበር ሜትስን መረጠ፤ ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር፣ በስፖርት ታሪክ እስከዚያ ያልተሰማ ውል። በዚህኛው ወሬ ማን ተጎዳ? ያልተመረጡት ክለቦች ደጋፊዎች አዘኑ፣ ሐዘናቸውም እውነተኛ ነው። ሶቶ ግን በ2022 ያልነበረው ነገር ነበረው፤ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር።

የኔ ፍርድ ከዚህ ይነሣል። ነጻ ስለወጣ ተጫዋች መገመት፣ መከራከር፣ ማለም የደጋፊ መብት ነው እላለሁ። ተጫዋቹ ራሱ ወደ ገበያው ወጥቷል፤ ወሬው ዋጋውን ይገልጥለታል፣ የ1980ዎቹ ዓይነት ሴራ እንዳይመለስም ይጠብቀዋል። የቶሮንቶ ደጋፊ የጄት መንገድ በመከታተሉ አልወቅሰውም፤ በማግሥቱ ኦታኒን ካጂ ማድረጉን ግን አልቀበለውም። ያልተገባ ቃልን አላከበርክም ብሎ ሰውን ሁለት ዓመት መስደብ ወሬን ከሰው ማስበለጥ ነው።

በውል ያለ ተጫዋች ልውውጥ ሲወራ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። እሱ ወደ ገበያ አልወጣም፣ አልተጠየቀም፣ እምቢ ማለትም አይችልም። በወሬውም ዋጋው አይጨምርለትም፤ ደመወዙ ቀድሞ የተጻፈ ነው። የወሬው ጥቅም ለክለቦችና ለተመልካች፣ ሸክሙ ለእሱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ያልተመጣጠነ ነገር በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ልውውጥ ይከልከል አልልም፤ ያለልውውጥ ደካማ ቡድን የሚነሣበት መንገድ ይጠባል፣ ዋሽንግተንም እነ ዉድን አታገኝም ነበር። ደጋፊም አፉን ይዝጋ አልልም። በሁለት ምንጭ ያልተረጋገጠ የልውውጥ ዜና በጨዋታ መሐል አይውጣ፣ ደጋፊም ስሙ የተነሣውን ልጅ በገጹ እየገባ መቼ ትሄዳለህ አይበለው እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ግዴታው የክለቦቹ ነው፤ የሚለውጡት እነሱ ናቸውና። በባለቤቶቹና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ያለው ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። በድርድሩ የሚነሣው የቢሊዮን ዶላሮች ጉዳይ ብዙ ቢሆንም አንድ አጭር አንቀጽ ይጨመርበት፦ የሚለወጥ ተጫዋች ዜናውን ከማንም በፊት ከክለቡ ኃላፊ አንደበት ይስማ፣ ይህን የጣሰ ክለብ ይቀጣ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የማንንም ልውውጥ አያስቀርም። የዋሽንግተን፣ የሲያትል፣ የዴንቨር ወገኖቻችን የየከተማቸው ቡድን ደጋፊ እንደመሆናቸው ይህን ክለቦቻቸውን ይጠይቁ።